ውሻዬና የስቅለት ዕለት ፀሐይ

በ2011 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ነው ያቆምኩት፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድም የምለውን አውቃለሁ።

አምቦ በሚያዝያ እንዴት እንደምትፋጅ የኖረባት ያውቃል። እኔ ደግሞ ከቤቴ ክዳን በተረፈ ቆርቆሮ ለውሻዬ ቤት ሠርቼለት ነበር፤ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ። ቀን እዚያ በሰንሰለት አስረዋለሁ፣ ማታ እፈታዋለሁ። በእኛ ሰፈር ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን የሚደረገው እንዲህ ነው። ባለቤቴ "ይኼ ምድጃ ነው እንጂ ቤት አይደለም" ትለኝ ነበር። እኔ ሰው የሚለኝን ቶሎ የምሰማ አይደለሁም።

የስቅለት ዕለት በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እስከ ማታ ስግደት ነው፤ እህልም ውሃም የለም። ስወጣ የውሻው ሳህን ባዶ መሆኑን አይቻለሁ። አይቼ ነው የሄድኩት። እኔ ሽማግሌው ውሃ ሳልቀምስ ስውል እሱ ምን ይሆናል ብዬ። ውሻ ይጾማል እንዴ? ያን ቀን ግን እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ጎረቤታችን እያለከለከች ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጣች።

"ጋሼ ይድረሱ! ውሻዎ አብዷል፣ ሊገድሉት ነው!"

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ፤ ባለቤቴም ተከተለችኝ። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ጎረቤቶች ዱላና ድንጋይ ይዘው ቆመዋል። ውሻዬ ቆርቆሮው ቤት ደጃፍ ላይ ተዘርግቷል። ምላሱ ተጎልጉሏል፣ ለሃጩ አረፋ ሆኗል፣ ልነሳ ሲል እግሩ ይከዳዋል።

"ሰሬ ማራቱ!" አለ ባለድንጋዩ። "ያበደ ውሻ ነው፣ ጋሼ፣ ይራቁ!"

"ያበድክስ አንተ! በጥር አስከትቤዋለሁ፤ ወረቀቱ ቤት አለ።"

"ወረቀቱ መች ይነክሳል? የሚነክሰው እሱ ነው!"

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። "እንግዲያው መጀመሪያ እኔን ውገር" አልኩና ቆርቆሮውን ተደገፍኩ። እጄን አቃጠለኝ። የውሻው በሽታ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሰንሰለቱን ከታሰረበት ግንድ ፈትቼ፣ ወደ አፉ ሳልጠጋ፣ ቀስ ብዬ ግቢያችን ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ጥላ ሥር ጎተትኩት። ባለቤቴ በጆግ ውሃ አቀበለችኝ። ሆዱና እግሩ ላይ አፈሰስኩ። ሳህኑንም ሞልቼ በዱላ ገፋሁለት። አልነካውም።

"አዩ? ውሃ ፈራ!" አለ ባለድንጋዩ።

"ዝም በል።"

ሦስት ጆግ ደገምኩ። ባለቤቴ በካርቶን ታራግብለታለች። የእኔም ጉሮሮ ደርቆ ምራቅ አልወርድ ብሎኛል። በኋላ አንገቱን ቀና አደረገና ውሃውን ይልስ ጀመር። ሳህኑን ጨረሰው። ሌላ ጨመርኩለት።

ሰውዬው ድንጋዩን ጣለ። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ለሃጩን አይቼ ነው።"

"ለሃጩ የተዝረከረከ ሁሉ ከተወገረ አንተም ተኝተህ አትተርፍም!" አልኩት። ከዚያ ግን ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ ውሃ ነፍጌው መሄዴን፣ ሁሉም ፊት ተናገርኩ።

በማግስቱ ቅዳም ሥዑር ነው። ሰው ቄጠማ ሊቀበል ሲወጣ እኔ ጉጠት ይዤ የቆርቆሮውን ቤት ማፍረስ ጀመርኩ። "ፋሲካ እንኳ ይለፍ" አለችኝ ባለቤቴ። አልሰማኋትም። ፀሐይ ሳትበረታ ጨርሼ፣ ውሻውን ጥላው ሥር ትቼ፣ ሁለት ሳህን ውሃ አኑሬለት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።