የምራቴ ውፍረት

እኔ ዘጠኝ ወልጃለሁ፤ አራቱን ቀብሬያለሁ። በአንዱም እርግዝና ሰውነቴ ሞልቶ አያውቅም። ከሆዴ በቀር የቀረው አካሌ የደረቀ እንጨት ይመስል ነበር። የባሌ እናት ይህን እያዩ አንድ ቀን «አረፍ በይ» ብለውኝ አያውቁም። የመጨረሻውን ልጄን የወለድኩት ከዳጉሳ አረም በተመለስኩበት ቀን ነው።

ስለዚህ የትንሹ ልጄ ሚስት መወፈር ስትጀምር፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።

ደርግ ከወደቀ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እሷ ስትመጣ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሶ ጠበቃት፤ ወፍጮው የሞተር፣ ውኃውም የቧንቧ ሆኖላት ነበር። ይህ አልበቃ ብሎ በስምንተኛው ወሯ ፊቷ ሞላ፣ ጣቶቿ ደለቡ፤ ጫማዋ አልገባ ስላላት በባሏ ሸበጥ መሄድ ጀመረች። በእኛ አገር የእርጉዝ ፊት ሲሞላ አማረባት፣ ቤቱ ደልቷት ነው ይባላል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዷ ጎረቤቴ፣ ምራትሽን ምን ብታበያት ነው፣ እኔንም ለልጅሽ እጪኝ እንጂ አለችኝ። ሰው ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

እኔ የድግስ ወጥ ሲጨለፍ እንኳ ለሁሉም እኩል ካልደረሰ ዝም የማልል ሰው ነኝ። እኔ በአጥንቴ የተሸከምኩትን እሷ በስብ ስትሸከመው ፍርዱ የተጓደለ መሰለኝ፤ ላስተካክለው ተነሳሁ። ውኃ መቅዳቱን ለእሷ ብቻ ተውኩላት። ለመጀመሪያ ልጇ ወደ እናቷ ቤት መሄጃዋ ሲደርስ፣ አጨዳው ይለቅ ብዬ አቆየኋት። ራሴን አመመኝ ስትለኝ፣ የደላው ራሱን ያመዋል አልኳት። ዓይኔ ብዥ አለ ብላ ምስር መልቀሙን ስትተወው ሰነፍ አልኳት። እሷም «እሺ እትዬ» ብላ ትነሳለች። ልጄ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል፤ በእናትና በሚስት መካከል የቆመ ወንድ መስማት አይችልም።

አንድ ማለዳ ወረቀት የታቀፈች ልጅ መጣች። ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት፣ በእርጉዝ ሴቶች ላይ የሚደርሰውን ችግር አጠናለሁ አለች። ከቤታችን የምትጠይቀው ግን ምራቴን ብቻ ነው። ዘጠኝ የወለድኩት እኔ፣ የምትጠየቀው አንድ እንኳ ያልወለደችው! ተሟገትኳት። መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፣ ወረቀቱን ራሴ አንብቤ እሞላዋለሁ ብዬም ነገርኳት። ጥናቱ አሁን እርጉዝ ስለሆኑት ነው አለችኝ በትሕትና። ቀጥላም ለብቻችን እንድንሆን እማማ ትንሽ ውጭ ቢቆዩልን አለች። ከገዛ ቤቴ።

ወጣሁ፤ ግን ሩቅ አልሄድኩም። ከግድግዳው ሥር ሆኜ የጓሮ ጎመን መቀንጠስ ጀመርኩ። የጭቃ ግድግዳ ድምፅ አይከለክልም። ልጅቱ ከወረቀቷ ታነባለች፤ ምራቴ ትመልሳለች። ብርቱ ራስ ምታት አለብሽ? የለም። ዓይንሽ ብዥ ይላል? የለም። ፊትሽ ወይም እጅሽ አብጧል? እዚህ ላይ ምራቴ ዘገየች፤ ወፍሬ ነው እንጂ አላበጠም አለች። ልጅቱም እነዚህ ሁሉ የደም ግፊት ምልክቶች ናቸው፣ እናትንም ልጅንም ይገድላሉ፣ አስቢና መልሺልኝ ብላ ደግማ ጠየቀቻት። ምራቴም ደግማ የለም አለች።

እጄ ጎመኑ ላይ ቀረ።

ለምን እንደምትዋሽ አውቅ ነበር። በአማቷ ቤት ያለች ምራት አመመኝ ብላ ለእንግዳ ከተናገረች አማቷን ከሰሰች ማለት ነው። እኔም በዘመኔ ለማንም አመመኝ ብዬ አላውቅም። አሁን ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። ብናገር ግን ያን ሁሉ ጊዜ በበሽታ ስቀና መክረሜን በአፌ ማመኔ ነው።

ገባሁ። «ውሸቷን ነው» አልኩ። «ራሷን ያማታል፣ ዓይኗም ብዥ ይላል። ነግራኝ ነበር። ጻፊ።»

ልጅቱ የሌላ ሰው መልስ አልጽፍም አለች። ወረቀቷን ግን አስቀምጣ፣ ምራቴን እግሯን አዘርግታ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። እኔ ስንት በግ ዳብሼ ገዝቻለሁ፤ ስብ ሲለቁት ይመለሳል። ይህ ስብ አልነበረም።

ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት አለባት አለች ልጅቱ።

ምራቴ እኔን አየችኝ። «እትዬ፣ ውኃው እኮ አልተቀዳም።»

ልጄ ጋሪ ለምኖ መጣ። እስከ አስፋልቱ በጋሪ፣ ከዚያ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም አደረስናት። ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩላት። ሆስፒታል ግፊቷን ለክተው ወዲያው አስተኟት፤ ልጁ ቶሎ መወለድ አለበት አሉን።

በማግሥቱ እናቷ ከቡሬ ማዶ ደረሰች። ነርሷ የሚገባው አስታማሚ አንድ ብቻ ነው አለች። ሌላ ቅናት ያዘኝ። ያመጣኋት እኔ፣ ጋሪው ላይ ያቀፍኳት እኔ፤ ይቺ ሴት ትናንት የት ነበረች? ልገባ አንድ እግሬን አነሳሁ። ፍርድ በራስ ላይ ሲሆን ይከብዳል። ምራቴ እኔን ከራስጌዋ ብታይ አርፋ አትተኛም።

«እርስዎ ይግቡ» አልኳት እናቷን።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ እሷ በገባች በወጣች ቁጥር እየተቃጠልኩ ሰነበትኩ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ትንሽ ብትሆንም ደህና ናት፣ ምራትሽም ተርፋለች አሉኝ። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ወርዶ አለቀ። ያን ቀን የምራቴ እናት መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ልጄ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል» አለች። «ምን እያበሉ ነው ያኖሯት?»

አገሩ ሁሉ ደልቷታል ይል እንደነበር ልነግራት እችል ነበር። የበሽታው ነገር ነው ማለትም እችል ነበር።

«እውነትዎን ነው» አልኳት። «በድያታለሁ።»

ለጠብ ታጥቃ መጥታ ነበርና የምትጣላው ሰው አጣች። አራሷንም ሕፃኗንም እስከ ክርስትናው ወደ ቤቷ እንደምትወስዳቸው ነገረችኝ። ወንድ ቢሆን አርባ ቀን ነበር፤ ለሴት ሰማንያ ነው። እሺ አልኳት፤ ሰማንያውንም ቀን በቅናት ቆጠርኩት።