ከኩሽናው ጀርባ የነበረው እንሰት

ባለፈው ሰሞን ቴፒ ውስጥ የምገዛው ቤት ሳፈላልግ ደላላው አንድ ግቢ ይዞኝ ገባ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ወደ ቤቱ ጀርባ ስንዞር የእርጥብ ኮባ ሽታ ተቀበለኝና ባለሁበት ቆምኩ። ደላላው ያልወደድኩት መስሎት፣ «እህቴ፣ እንሰቱ አያሳስብሽ፤ በአንድ ቀን ተመንጥሮ ያልቃል» አለኝ። ፊቴ በእፍረት ጋለ። እሱ ምን ያውቃል።

ልጅ ሳለሁ ከሰሜን መጥተን ሚዛን ተፈሪ ገባን። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ዕቃ ስናጓጉዝ ከርመን፣ በመጨረሻ ከአንዲት የቤንች ባልቴት ላይ ቤት ገዛን። ባልቴቷ ገጠር ካለችው ልጇ ዘንድ ልትኖር መሄዷ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲያዋውሉን አንድ ነገር ጮክ ብለው ተናገሩ፤ «ቤቱ የእናንተ ነው። ከኩሽናው ጀርባ ያለው እንሰት ግን እስኪደርስ የእሷ ነው።» አባቴ እሺ አለ። እንሰት በቤታችን ተበልቶ አያውቅም፤ ለእኛ ፍሬ የማይሰጥ ሙዝ ነበር።

ባልቴቷ በየገበያው ቀን ትመጣለች። በፊት ለፊቱ በር አትገባም። በጀርባው አጥር ክፍተት ሾልካ፣ የደረቀውን ቅጠል ገንጥላ፣ ሥሩን ኮትኩታ፣ ግንዱን እንደ ላም መታ መታ አድርጋ ትሄዳለች። ዝናብ ከያዘን አንድ ኮባ ቆርጣ ታስጠልለኛለች። ጠብታው ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንድ ቀን፣ «ይሄ ለልጄ ነው። ሆድ አላት። ስትወልድ ቡላ ትበላለች» አለችኝ። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴም ያኔ እርጉዝ ነበረችና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሊከፈት ነው ተባለ። የከተማው ሰው ሁሉ ለተማሪ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት መሥራት ጀመረ፤ አባቴም እንቅልፍ አጣ። እናቴ ወልዳ ከአልጋ ሳትወርድ ሠራተኞች ጠርቶ እንሰቱን አስቆረጠው። የጀርባውን አጥር በብሎኬት ዘጋው። ግንዱ ጭቃው ላይ ተጋድሞ ውኃ ሲያወጣ አይቻለሁ፤ ግቢው ሁሉ ኮባ ኮባ ይሸት ነበር። ደብተሬም ጫማዬም በኋላ የተገዙት በእነዚያ ክፍሎች ኪራይ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

በገበያው ቀን ባልቴቷ እንሰት የሚፍቁ ሴቶች አስከትላ መጣች። እንሰቱ ደርሶ ኖሯል። የለመደችው ክፍተት ተዘግቶ ስታገኘው ዞራ በዋናው በር ገባች። ጭቃው ላይ የበሰበሰውን የእንሰት ክምር አየች። «እኔ እኮ ግቢውን ከነተክሉ ነው የገዛሁት» አላት አባቴ። ድምፁ እሱንም ያሳመነው አይመስልም። እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ በሩ ጀርባ ተሸሸግኩ። እሷ አልተጣላችም፣ አልተራገመችም። ከውስጥ ሕፃኑ ሲያለቅስ ብቻ በሩ ጀርባ ወዳለሁት ወደ እኔ ቀና ብላ፣ «ወለደች?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሴቶቹን ይዛ ወጣች።

በሚቀጥለው ገበያ ሽማግሌ ይዛ ትመጣለች ብለን ስንፈራ ብቻዋን መጣች። በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። «አራስ ናት» ብላ አባቴን አልፋው ገባች። ጎረቤቶቿ ለልጇ ያዋጡላት ቡላ ነበር፤ ከዚያ ላይ ቀንሳ ነው ያመጣችልን። ገንፎውን እዚያው የቀድሞ ኩሽናዋ ውስጥ በቅቤ ሠራችው። እናቴ አንዴ እንደጎረሰች እንባዋ መጣ።

«ልጅሽስ፣ እማማ?»

«ወለደች። ደህና ናት። ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»

እናቴ በልታ ስትጨርስ ባልቴቷ እንደ ልማዷ በጀርባ ልትወጣ ሄደች። ብሎኬቱ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ በእጇ ዳሰሰችው። ተመልሳ በሩ ላይ የቆመውን አባቴን፣ «በዚህ ልውጣ?» አለችው። ዕድሜዋን በኖረችበት ግቢ ፈቃድ ጠየቀች። አባቴ በሩን ከፈተላት፤ ቀና ብሎ ግን ሊያያት አልቻለም።

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን አባቴ የግቢውን በር ገርበብ አድርጎ ይተወው ነበር። ማንም ዝጋው አላለውም። እሷ ግን ተመልሳ አልመጣችም።