ዳሱን የሚያፈርስ የመጨረሻው ነው

ትናንት ቢሮ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ሰላም አንድ የሊኑክስ ፓኬጅ፣ ማለትም ከነፋይሎቹ የታሰረ ፕሮግራም፣ ከኮምፒውተሩ ስታወጣ «ፎልደሩ ባዶ ስላልሆነ አልተሰረዘም» የሚል መልእክት መጣባት። «ጋሼ፣ በግድ ላጥፋው?» አለችኝ።

በወጣትነቴ መተማ ዮሐንስ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ተቀጥሬ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሰሊጥ ይታጨዳል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። እኔ ደግሞ አርፌ መቀመጥ የማልችል፣ ያልተነካ ነገር ሳይ እጄን የሚበላኝ ሰው ነበርኩ። የመድኃኒቱንና የሕሙማኑን መዝገብ በሁለት ፓኬጅ የሠራሁት እኔው ነኝ። ሁለቱም ፋይላቸውን አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣሉ። የፎልደሩ ባለቤት ያደረግኩት ግን የመድኃኒቱን ብቻ ነበር፤ ሲወጣም ፎልደሩን ጠራርጎ እንዲወጣ አዝዤዋለሁ። ንጽሕና መስሎኝ።

አንድ ጠዋት በአዲስ ልተካው ብዬ የመድኃኒቱን ፓኬጅ አወጣሁ። የሕሙማኑ መዝገብ አብሮ ሄደ። የመጠባበቂያ ቅጂውን «ነገ እይዛለሁ» እያልኩ ከርሜ ነበር።

በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን የካላዛር በሽታ መርፌ በየቀኑ የምትወጋው ሲስተር አበባ ናት። በወረቀት መመዝገቡን ያስተውኳት እኔ ነኝ። «አያ ሞላ ስንተኛው መርፌ ላይ እንደደረሱ በምን ልወቅ? ቢበዛ ልባቸውን ይጎዳል፤ ቢያንስ በሽታው ይመለሳል» አለችኝ። አልጮኸችም። ታማሚው ሲደክማቸው መርፌው አንዳንድ ቀን ስለሚዘለል ቀን ቆጥሮም አይገኝም። ከግቢው በር እስከ ድንበሩ ኬላ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ፉል አዝዤ ሳልነካው ተነሣሁ።

አያ ሞላ ለአጨዳ ከጎጃም የወረዱ ጎልማሳ ናቸው። በመጨረሻ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ ጥፋቴን ነገርኳቸው። «ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ቤት ይኖሩ ነበር። አንዱን ሳስወጣ ቤቱን አፈረስኩት።»

«ምነው ልጄ» አሉ። «እኛ ማሳ ላይ ዳሱን በጋራ ነው የምንሠራው። ቀድሞ የሚሄድ የራሱን ምንጣፍ ጠቅልሎ ይሄዳል እንጂ፣ ሰው ተኝቶበት ምሰሶ ይነቀላል? ዳሱን የሚያፈርስ የመጨረሻው ነው።»

ከዚያ ከአልጋው ሥር በትራቸውን ሳቡ። ወደ ሰሊጡ የሚመለሱበት ቀን ስለናፈቃቸው፣ በተወጉ ቁጥር በቢላዋ አንድ ምልክት ይቆርጡ ኖሯል። አሥራ አንድ ነበር። ሲስተር አበባ ጣቷን እያስኬደች ሁለቴ ቆጠረች፤ የዘለለቻቸውን ቀኖችም አስታወሰች። ገጠመላት።

ፓኬጆቹን የዚያኑ ዕለት እንደገና ሠራኋቸው። ሁለቱም የፎልደሩ ባለቤት ሆኑ፤ የሚወጣው የራሱን ፋይል ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ፎልደሩ የሚነሣው የመጨረሻው ሲሄድ፣ እሱም ባዶ ከሆነ ነው። አያ ሞላ ድነው ሲወጡ በትሩን ለእኔ ሰጡኝ። አፍሬ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

በትሩ ዛሬም ከቢሮዬ በር ጀርባ ቆሟል። እጄም ዛሬ ድረስ ይበላኛል፤ በዕድሜ የሚለቅ አመል አይደለም። ትናንት ሰላም ጣቷን የኮምፒውተሩ ቁልፍ ላይ አድርጋ መልሴን ትጠብቅ ነበር።

«ቆይ» አልኳት፤ «መጀመሪያ ውስጡ ማን እንደተኛ እዪ።»