ቅጠል ናት የተባለችው ፍየል

ገና ልጅ ሳለሁ ኢዲዶ በምትባል የገጠር መንደር፣ ከጓሯችን እንሰት ጀርባ የምትኖረው አክስቴ ዘነበች፣ የኩራዙ ጋዝ እንዳያልቅባት ታጠፋውና በፍሙ ብርሃን ብቻ ተረት ትነግረን ነበር። ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ እርጥቡ የቡና ግንድ እየተንጣጣ፣ አፍ አፏን እናያለን። እኔ የምወደው የጅቡን ነበር። ጅቡ ሆዱን አመመውና መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄደ፤ «ሥጋ ይቅርብህ፣ ቅጠል ብላ» ተባለ። እሺ ብሎ ሲወጣ መንገድ ላይ ፍየል አገኘ። «አንቺ ምን በልተሽ ነው ያደግሽው?» አላት። «ቅጠል» አለችው። «እንግዲያ አንቺም ቅጠል ነሻ!» አክስቴ እዚህ ላይ ትቆምና «ፍየሏስ ምን አለች?» ትለናለች። እኛም በአንድ ድምፅ «ሜእእ!»

ይኸው አርጅቼ ዲላ ከልጅ ልጄ ጋር እኖራለሁ። ስሟ ትዕግስት ነው፤ ትዕግስቴን የምትጨርሰውም እሷው ናት። ስኳር አለብኝ። ዓይኔ መደብዘዝ ጀምሯል፤ ሐኪሙም «ጣፋጭ ካልተዉ ጭራሽ ይጠፋል» ብሎኛል። እሷ ደግሞ በቀደም ስልኳ ላይ ያየችውን የፊሊፒንስ ጣፋጭ ሠርታ አመጣችልኝ፤ ቢኮ ነው አሉ ስሙ። የሱቅ ሩዝ እስኪላቁጥ ቀቅላ፣ የቆርቆሮ ኮኮናት ወተትና ቡናማ ስኳር ገልብጣበታለች።

«ስኳር አለበት?» አልኳት።

«ስኳር ያለብሽማ አንቺ ነሽ እማማ!» ብላ ሳቀች።

እዩልኝ እንግዲህ፣ ይኼ ቀልድ ነው!

«ኮኮናት እኮ ለጤና ጥሩ ነው፤ ኃይል ይሰጣል። ስኳሩም ቡናማ ነው፣ ከተክል የመጣ።»

«ነጩስ ከድንጋይ ተፈልፍሎ ነው የሚመጣው? ቅባቱስ፣ ሩዙስ? ኃይሉንስ ምን ላድርገው፣ ማሳ ልቆፍር ነው?»

«ኧረ አንድ ማንኪያ! ተፈጥሯዊ ነው ስልሽ!»

ማንኪያውን አፌ ድረስ አስጠጋችው። ሽታው፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ምራቄን አመጣው። ስንቴ ልንገራት? ደከመኝ። ድንገት የአክስቴ ፍም ታየኝና፣

«ሜእእ!» አልኳት።

«ውይ! ምን ሆንሽ እማማ?»

ተረቱን ነገርኳት። ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። «ጅቡ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ጅቡማ እኔ ነኝ። አንቺ ግን ፍየሏን ቅጠል ናት እያልሽ ትጎትችልኛለሽ።»

ሳህኑን አነሳችና ለጎረቤት ልጆች ልትሰጥ ወጣች። አክስቴ ጅቡ ይዳን አይዳን ሳትነግረን ቀረች፤ እኛም እንደ ፍየል ስንጮህ መጠየቁን ረሳነው። እኔ ግን ትዕግስት በር ላይ ስትደርስ አተኩሬ አየኋት፤ የቀሚሷን አበባ ዓይኔ ገና ይለየዋል።