ደቡብ አፍሪካ የተሠራው ፒክአፕ

ታላቅ ወንድሜ ጥማድ በሬዎቹን ሸጦ አሮጌ ፒክአፕ ሲገዛ ራሴን ያዝኩ። «በምን ልታርስ ነው ታዲያ?» አልኩት። «ከወረታ ይፋግ እህል ስጭን ከርሜ ክረምት ሳይገባ ሌላ ጥማድ እገዛለሁ፣ እታለም» ብሎ ሳቀብኝ።

መኪናው ገና ጭነት ሳይጀምር የሩዝ ውቂያ ደረሰ። በሬ የለም፤ ስለዚህ በመኪናው ወቃ። ነዶውን አውድማው ላይ በትኖ፣ መሪውን ጥምዝዝ አድርጎ ይዞ፣ ልክ እንደ በሬ በአንድ ጎን ሲዞር ዋለ። ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከሰዓት በኋላ ከስር አንዳች ነገር ቋ! አለና መሪው አልታዘዝ አለ።

የወረታው መካኒክ ከስር ገብቶ ወጣና «የመሪው ማርሽ ተበልቷል። አዲሱ ከደቡብ አፍሪካ ነው የሚመጣ» አለ።

«የጃፓን መኪና አይደል እንዴ?» አልኩት።

«ስሙ ነው እንጂ የተሠራስ እዚያ ነው።»

በስመአብ! ጥቁር ሰው መኪና ይሠራል ብሎ የነገረኝ ማንም አልነበረም። ወንድሜ ግን ደስ አለው። «እንግዲያማ ቅርብ ነው፤ አፍሪካ አይደል!» አለ።

ቅርብ! የባሕር ዳሩ ዕቃ ሻጭ በስልክ ሲያስረዳን፣ ዕቃው መጀመሪያ ዱባይ ይሄዳል፣ ከዚያ በጅቡቲ ዞሮ ይመጣል አለን። በቀጥታ የሚያመጣ የለም? የለም። ኧረ የምን ጉድ ነው! ከወረታ እዚሁ አጠገባችን ያለው ወንዛዬ ፍልውሃ ለመሄድ በጎንደር መዞር ማለት እኮ ነው። ምን ይደረግ፣ አዘዝን።

ሁዳዴ ገባ፣ ፋሲካም አለፈ። ሰው ሁሉ ሲያርስ የወንድሜ መሬት ጦሙን አደረ። ዕቃው ግንቦት መጨረሻ ላይ ደረሰ። መካኒኩ ካርቶኑን ቀደደ፣ ብረቱን ወደ መኪናው አስጠጋ፣ ገለበጠው፣ ደግሞ አየው።

«ይሄ መሪው በቀኝ ላለ መኪና ነው» አለ።

ክው አልኩ። ለካ ደቡብ አፍሪካዎቹ በግራ መንገድ ነው የሚነዱ! መኪናውን ለእኛ መሪውን በግራ አድርገው ይልኩታል፤ ለራሳቸው በቀኝ ያስቀራሉ። ሻጩ አልጠየቀን፣ እኛ አላወቅን። አንድ አህጉር ሆነን መሪያችን እንኳ አንድ አይደለም! እንደገና ይታዘዝ ቢባል ደግሞ ክረምቱ ማንን ይጠብቃል?

ወንድሜ ብረቱን ካርቶኑ ውስጥ መልሶ ወጣ። ከጣና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ እቤት ሳንገባ ዝናቡ ያዘን። በማግስቱ ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ምርቱን ሊካፈሉ መሬቱን ለእኩል ሰጠው።

«በሬ ያለው ይረሰው» አለኝ። «ለልጆቼ እኩሌታውም ይበቃቸዋል።»

እንደማይበቃቸው እሱም እኔም እናውቃለን።