ባቡር የተወው ድልድይና አማቴ

አማቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ የባቡር ድልድይ በመፈተሽ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መሐል ኦክላንድ እኛ ቤት ሲገቡ፣ የሚፈትሹት ቢያጡ እኔን መፈተሽ ጀመሩ። ቢብስብኝ አንድ ቅዳሜ ከሬድውድ ሲቲ ወረድ ብሎ ወዳለው አሮጌ የባቡር ድልድይ ወሰድኳቸው።

ድልድዩ በዚያ በኩል መኪና ባሕሩን መሻገር ከመጀመሩ በፊት ባቡር ያሻገረ፣ መሐሉ ለመርከብ እንደ በር እየዞረ የሚከፈት ነበር። ሥራ ከፈታ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አሁን ዓሣ አጥማጆች ባልዲያቸውን ይዘው ተደርድረውበታል። አማቴ የመኪናዬን የክሪክ እጀታ ተቀብለውኝ የእንጨት ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ አንኳኩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሆዱ ባዶ ነው። አንድ ቀን ሰው ይዞ ይወርዳል። ይዘጋ!»

«አባባ፣ ድልድዩ ይዘጋ ወይስ ይቆይ የሚል የሕዝብ ስብሰባ አለ። እዚያ ኮሜንት ያድርጉ፣ ሪከርድ ላይ ይገባል። እኔ አስተረጉምልዎታለሁ።»

አዳራሹ በታሪክ ወዳዶች ጢም ብሏል። እዚህ አገር ሰባ ዓመት የሞላው ብረት ቅርስ ነው፤ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ግን ወረፋ ይጠብቃል። ሰብሳቢዋ ትርጉሙን ጨምሮ ሁለት ደቂቃ ሰጠችን።

አማቴ ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወገኖች፣ እንደምን ዋላችሁ?» ተረጎምኩ። የየቤተሰባቸውን ጤና ጠየቁ። ተረጎምኩ። አገሪቱን መረቁ። «ይዘጋ» የምትለው አንዲት ቃል ምላሴ ላይ ነበረች፤ ግን አማት ይቋረጣል? ይሉኝታ ይዞኝ ምርቃቱን ጭምር አሳምሬ ተረጎምኩ። ደወሉ ጮኸ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ጸሐፊዋም አማቴን «ድልድዩ ባለበት ይቆይ» ከሚሉት ጋር መዘገበቻቸው።

በራሴ አፈርኩ። ሰው ቢሞት ገዳዩ የእኔ ጨዋነት ነው እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ተብከነከንኩ።

ቅዳሜ ተመልሰን ሄድን። ዓሣ አጥማጆቹ እዚያው ናቸው። አማቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበራችሁ ዓሣ አጥማጆች፣ እንደምን አደ…»

አላስጨረስኳቸውም። «ጌት ኦፍ! እንጨቱ በስብሷል፣ ትሞታላችሁ!» ብዬ በእንግሊዝኛ አንባረቅሁ። ባልዲ ከባልዲ እየተጋጨ ሁሉም ወረዱ።

አማቴ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ሰላም እንኳ ሳትላቸው? ልጄን ለማን ነው የሰጠሁት?»