ዞሞ አይናገርም

ይህ ነገር ለወረቀት ይብቃ አይብቃ እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልተሸለመበትም። ግን ትናንት አርባ ምንጭ፣ ዶርማችን ውስጥ ልጆቹ በስልክ ፊልም እያዩ ሲከራከሩ፣ አንዷ በፊልሙ ውስጥ ስላለው ፍጡር «ባክሽ ተይው፣ አያወራም እኮ! ምን አእምሮ አለው?» አለች። ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ገረሴ ከተማ አሥረኛ ክፍል ስማር መምህሮቼን ማስደሰት የምወድ ልጅ ነበርኩ። አስተካክዪ ከተባልኩ አስተካክላለሁ። በግንቦት፣ ጭቃው ጫማ በሚነጥቅበት ሰሞን፣ የአማርኛ መምህራችን ለወረዳው ውድድር የፈጠራ ታሪክ አስጻፉን። እኔ በጫሞ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር «ዞሞ» የሚባል ፍጡር ፈጠርኩ። አንዱ ዞሞ መረብ ውስጥ ሲገባ ሌሎቹ አይሸሹም፤ ጀልባዋን እስከ ዳርቻ አጅበው ይዋኛሉ። አጥማጁ ይህን አይቶ መረቡን ይቆርጣል።

መምህሩ ታሪኬን ለክፍሉ አነበቡና ሰሌዳው ላይ «አእምሮ አለው?» ብለው ከሥሩ ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦ ይናገራል? መሣሪያ ይሠራል? እሳት ያነድዳል?

«እሳቱንማ ውሃ ውስጥ ያንድደዋ!» አለ ታደለ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ሦስቱንም ወድቋል» አሉ መምህሩ። «እንግዲያው እንስሳ ነው። ለእንስሳ ብሎ መረቡን የሚቆርጥ አጥማጅ የለም። እስከ ሰኞ አንደበት ስጪውና ለውድድሩ እልክልሻለሁ።»

«እሺ» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቲቸር፣ አጎቴ ማዳልቾም አይናገርም።»

አጎቴ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርም፤ ገረሴ ሁሉ ያውቀዋል። ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌዎች በሚዳኙበት ሜዳ፣ ተራው ሲደርስ ይነሣና በእጁ ይናገራል። ዝናብ ቢመጣ እንኳ እስኪጨርስ ይጠብቁታል። አንድ ጊዜ በእንሰት ማሳ ድንበር ክርክር የጸደቀው እሱ በዱላው መሬት ላይ የሳለው መስመር ነው።

«አጎትሽማ ሰው ነው» አሉ መምህሩ ዝግ ብለው።

«በምን አወቁ?»

«ከሰው ስለተወለደ ነዋ!»

«እንግዲያው ሰሌዳው ላይ ‹ከሰው ተወልዷል?› ብለው ይጻፉ። የጠየቁት ስለ አእምሮ አይደለም።»

መምህሩ አልተቆጡኝም። «ሰኞ» ብቻ አሉ።

ልዋሽ አልችልም፣ ቅዳሜ ሞክሬያለሁ። ቆጮውና ጎመኑ አጠገቤ እየቀዘቀዘ፣ ዞሞን «እባክህ ወንድሜን ልቀቀው» አስባልኩት። መልሼ ሳነበው አፈርኩ። ልመናው የእኔ ነበር፤ ዋኝቶ ማጀቡ ግን የራሱ ነው። ወረቀቱን ቀድጄ ሰኞ የመጀመሪያውን እንዳለ አስረከብኩ። ወደ ውድድሩ የተላከው ታደለ ስለ ተናጋሪ ጅብ የጻፈው ታሪክ ሆነ።

ዛሬም መምህራንን ማስደሰት እወዳለሁ፤ የክፍል ማስታወሻዬን በሦስት ቀለም ነው የምጽፈው። በዚህ ነገር ግን ማንንም አላስደስትም። ዳኛ እሱን የሚመስለውን ብቻ ከፈለገ የሚያገኘው ራሱን ነው። ለዶርሜ ልጅ ይህንኑ ነገርኳት። አላመነችኝም። አትመነኛ።

ያ ታሪኬ በመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ «አልታረመም» ተብሎበት የተመለሰልኝ የዚያው ዓመት ሰኔ አምስት ቀን ነው።